ከሰማይ የሚደመጥ ውቅያኖስ

የውቅያኖስ ውሃ ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚለኩ መሣሪያዎችን ባሕር ላይ መጣል ከሳተላይት ዘመን በፊት የነበረ ሥራ ነው። አስቸጋሪው ከተጣሉ በኋላ የት እንደደረሱ ማወቅና የለኩትን መረከብ ነበር። ሳተላይትና ውቅያኖስ አብረው ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከላይ የሚወሰድ ፎቶግራፍ ነው። ከዚያ ባልተናነሰ የሠራው፣ ብዙም የማይወራለት፣ ሌላ አገልግሎት አለ፤ ውሃ ላይ ከሚንሳፈፍ ትንሽ መሣሪያ የሚላክን አጭር የራዲዮ መልእክት ተቀብሎ፣ የመሣሪያውን ቦታ አስልቶ፣ ለባለቤቱ ማድረስ።

የመጀመሪያው ተንሳፋፊ መሣሪያ ጠርሙስ ነበር። ኋላ የሞናኮ ገዥ የሆነው ልዑል አልበርት በ1880ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1,600 በላይ ጠርሙሶች፣ በርሜሎችና የመዳብ ሉሎች በሰሜን አትላንቲክ ላይ ጣለ። በእያንዳንዱ ውስጥ ያገኘው ሰው ቦታውንና ቀኑን ጽፎ እንዲመልስ በበርካታ ቋንቋዎች የሚለምን ወረቀት ነበረበት። ተገኝተው የተመለሱት ከሁለት መቶ ብዙም አይበልጡም፤ ከሰባቱ አንዱ መሆኑ ነው። ልዑሉ ከእነዚህ ተነሥቶ ውሃው በአዞር ደሴቶች ዙሪያ እንደሚዞር ማሳየት ችሏል። ጠርሙስ ግን የሚናገረው የተነሣበትንና የደረሰበትን ብቻ ነው። በመካከል በየት በኩል እንዳለፈ፣ ባሕር ዳር ላይ ወድቆ ስንት ወር እንደቆየ የሚያውቅ የለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥያቄው ከገጹ ወደ ጥልቁ ወረደ። በ1955 እንግሊዛዊው ጆን ስዋሎው ለግንባታ መወጣጫ የሚያገለግሉ የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ጫፍና ጫፋቸውን ደፍኖ፣ ክብደታቸውን በጥንቃቄ መጥኖ፣ በተፈለገው ጥልቀት ላይ ሳይሰምጡም ሳይወጡም የሚቆዩ መሣሪያዎችን ሠራ። ቱቦዎቹ በየጊዜው ድምፅ ያሰማሉ፤ መርከቧም ድምፁን እየተከተለች ቦታቸውን ትመዘግባለች። አሜሪካዊው ሄንሪ ስቶመል ከገልፍ ጅረት ሥር ወደ ደቡብ የሚፈስ ጥልቅ ጅረት መኖር አለበት ብሎ በስሌት ተንብዮ ነበር፤ በ1957 የስዋሎው ቱቦዎች ጅረቱን በተጨባጭ አሳዩ። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ «አሪስ» የተባለች መርከብ በቤርሙዳ አካባቢ ስትሠራ፣ ቀስ ብለው በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ የተባሉት ቱቦዎች ከተጠበቀው በላይ እየፈጠኑ በየአቅጣጫው ተበታተኑ። መርከቧ ልትከተላቸው አልቻለችም። ጥልቁ ውቅያኖስ በትላልቅ አዙሪቶች የተሞላ መሆኑ መገለጥ የጀመረው ከዚህ ነው፤ መርከብ መሣሪያ ለመሣሪያ እየተከተለች ውቅያኖስን አጥንታ እንደማትጨርስም አብሮ ታወቀ። በ1970ዎቹ ድምፅ እጅግ ሩቅ በሚጓዝበት የውሃ ንብርብር ውስጥ የሚጮኹ ትላልቅ መሣሪያዎች ተሠርተው ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ይደመጡ ጀመር፤ ይህም ቢሆን የውሃ ውስጥ ማዳመጫ በተተከለበት ባሕር ብቻ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከውቅያኖስ ጋር ምንም ጉዳይ ካልነበራቸው ሰዎች ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባመጠቀች ሰሞን፣ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ባልደረቦች የነበሩት ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ የሳተላይቱን ድምፅ በራዲዮ መቅዳት ጀመሩ። አምቡላንስ እየጮኸ ሲቀርብ ድምፁ ቀጥኖ፣ አልፎ ሲርቅ ደግሞ ወፍሮ እንደሚሰማ ሁሉ፣ የሳተላይቱም ፍሪኩዌንሲ ሲመጣ ከፍ፣ ሲሄድ ዝቅ ይል ነበር። ይህ የዶፕለር ለውጥ የሚባለው ነው። ሁለቱ ሰዎች ለውጡን ብቻ ይዘው፣ ከአንድ ጣቢያ ሳይንቀሳቀሱ፣ የስፑትኒክን ምህዋር ማስላት ቻሉ። አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር በበኩሉ ጥያቄውን ገለበጠው፤ የሳተላይቱ መንገድ አስቀድሞ ከታወቀ የአድማጩ ቦታ ሊሰላ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ ሐሳብ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ቦታቸውን የሚያውቁበት ትራንዚት የተባለው ሥርዓት ተወልዶ በ1964 ሥራ ላይ ዋለ። ለውቅያኖስ ጥናት የሚናገረውና የሚያዳምጠው ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ሒሳቡ ያው ነበር፤ መሣሪያው ከታች ይልካል፣ ሳተላይቱ ከላይ ይቀበላል።

ወደዚህ ቀላል አሠራር የተደረሰው ግን በዙሪያ ጥምጥም ነው። ናሳ በ1969 ያመጠቀው ኒምበስ 3 እያንዳንዱን መሣሪያ እየጠራ የሚጠይቅና መልስ የሚቀበል ነበር። ሳተላይቱን የሚሰማ መቀበያ፣ የሚመልስ አስተላላፊና ሁለቱን የሚመግብ ባትሪ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ መጫን ያስፈልግ ስለነበር መሣሪያው ከባድና ውድ ሆነ። በ1970 በዋዮሚንግ ግዛት ለሙከራ አንዲት አጋዘን አንገት ላይ የታሰረው ማስተላለፊያ አሥር ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ፈረንሳይም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለች። የፈረንሳይ ብሔራዊ የኅዋ ጥናት ማዕከል (ክኔስ) የሠራው ኤኦል የተባለ ሳተላይት ኦገስት 1971 በአሜሪካ ሮኬት መጥቆ፣ ከአርጀንቲና የተለቀቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአየር ፊኛዎችን እየተከተለ የደቡቡን ንፍቀ ክበብ ነፋስ ለካ። ሳተላይቱ ፊኛዎቹን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ማዘዝም ይችል ነበር፤ በስሕተት የተላለፈ ትእዛዝም ከፊኛዎቹ ብዙዎቹን ራሳቸውን እንዲያጠፉ አደረገ። የነፋሱ ጥናት ካበቃ በኋላ ኤኦል አንታርክቲካ አጠገብ የሚንሳፈፉ ግዙፍ የበረዶ ቋጥኞችን ተከታትሏል። ለፈረንሳዮች ትልቁ ትርፍ ከሳተላይቱ ይልቅ በሥራው የተገኘው ልምድ ሳይሆን አይቀርም።

ጁን 1975 የመጠቀው ኒምበስ 6 መጠየቁን ተወው። ተንሳፋፊው መሣሪያ ሳተላይት ይኑር አይኑር ሳያውቅ በየደቂቃው ገደማ አጭር መልእክት ይለቃል፤ ሳተላይቱ በአናቱ ሲያልፍ የሰማውን ይሰማል። መቀበያው ከመሣሪያው ላይ ወረደ፣ ዋጋውም ክብደቱም ቀነሰ። ጃፓናዊው ናኦሚ ኡኤሙራ በ1978 በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ብቻውን ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዝ ቦታው የታወቀው በዚሁ ሳተላይት አማካይነት ነው። በውሃ ላይም በርካታ ተንሳፋፊዎች ተሞከሩ። ኒምበስ 6 ግን የሙከራ ሳተላይት ነበር፤ አንድ ቀን ሲሞት የሚተካው አልነበረም።

ቋሚ አገልግሎት የሆነው አርጎስ ነው። ክኔስ፣ ናሳና የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖአ) በ1978 ባደረጉት ስምምነት፣ ፈረንሳይ መቀበያውን ሠርታ ልታቀርብ፣ አሜሪካ ደግሞ በአየር ትንበያ ሳተላይቶቿ ላይ ልትጭነው ተስማሙ። የመጀመሪያው መቀበያ ኦክቶበር 13 ቀን 1978 በታይሮስ ኤን ላይ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖአ 6 ተከተለ። የአየር ትንበያ ሳተላይት ባረጀ ቁጥር መተካቱ ስለማይቀር አርጎስም አብሮ ይተካል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ የራሱ ሳተላይት የሌለው ሥርዓት በሌሎች ጀርባ ላይ ተሳፍሮ ዐርባ ዓመት አለፈው።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል፣ ኋላ የመጡት መሣሪያዎች ሁሉ ቅርጻቸውን የያዙት ከዚሁ ነውና። ሳተላይቶቹ 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ከዋልታ ዋልታ በ100 ደቂቃ ያህል አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ 5,000 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ያዳምጣል፤ አንድ መሣሪያም በአንድ እልፍታ ቢበዛ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይደመጣል። ሁሉም መሣሪያዎች የሚናገሩት በ401.65 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። የአንዱ መልእክት ርዝመት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ሲሆን የሚይዘው መረጃ ቢበዛ 32 ባይት ነው። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ቅጽበት ቢናገሩ መልእክታቸው ሊጋጭ ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በራሱ ልዩነት፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ወይም ጥቂት ደቂቃ በሚሆን ጊዜ፣ መልእክቱን ስለሚደጋግም ከብዙዎቹ አንዱ ማለፉ አይቀርም። የፍሪኩዌንሲው ለውጥ በፍጥነት የሚገለበጥበት ቅጽበት ሳተላይቱ ለመሣሪያው እጅግ የቀረበበትን ጊዜ ያሳያል፤ የለውጡ ፍጥነት ደግሞ ርቀቱን ይነግራል። ሒሳቡ የማይመልሰው አንድ ነገር አለ፤ መሣሪያው ከሳተላይቱ መንገድ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ አይለይም። ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ይወጣል፤ የመሣሪያው የትናንት ቦታና የምድር መሽከርከር ታይቶ አንዱ ይጣላል። በደህና ቀን ስሕተቱ 250 ሜትር ገደማ፣ ካልሆነም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከተማ ውስጥ መኪና ለመፈለግ አይበቃም፤ ለውቅያኖስ ጅረት ግን ይተርፋል። ምህዋሮቹ ዋልታ ላይ ስለሚገናኙ በሁለት ሳተላይት ዋልታው በቀን 28 ጊዜ ሲጎበኝ፣ የምድር ወገብ ሰባት ጊዜ ገደማ ብቻ ይጎበኛል።

የአርጎስ የመጀመሪያ ፈተና ከዲሴምበር 1978 እስከ ኖቬምበር 1979 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የአየር ጥናት ነበር። ከ300 በላይ ተንሳፋፊዎች መርከብ እምብዛም በማይደርስበት የደቡብ ውቅያኖስ ላይ ተበተኑ፤ የሚለኩት የአየር ግፊትና የውሃውን የገጽ ሙቀት ነበር። ውጤቱ በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው ዝቅተኛ ግፊት በካርታዎች ላይ ከተሣለው የበለጠ ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ። የቀድሞዎቹ ካርታዎች የተሣሉት በጥቂት መርከቦችና ደሴቶች መረጃ፣ በቀረው ደግሞ በግምት ስለነበር የሚያስገርም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት የአስተዳደር ታሪክ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ባይጠቀስም ሥርዓቱን ያቆየው እሱ ነው። መንግሥታት ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚከፈለውን ታሪፍ በየዓመቱ በጋራ ይደራደሩ ጀመር። በ1985 የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትና የዩኔስኮ የውቅያኖስ ኮሚሽን ተንሳፋፊዎችን የሚያስተባብር ጉባኤ አቋቋሙ። በ1986 የአርጎስን የዕለት ሥራ የሚያካሂድ ሲኤልኤስ የተባለ ድርጅት በቱሉዝ ከተማ ተመሠረተ። መረጃው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በሜትሮሎጂ ድርጅቶች የመገናኛ መረብ በኩል ለየአገሩ ትንበያ ክፍል በሰዓታት ውስጥ መድረስ ጀመረ።

መሣሪያው ራሱም መልክ ያዘ። እያንዳንዱ አገር በየፊናው የሚሠራው ተንሳፋፊ ነፋስ እየገፋው ስለሚያሳስት፣ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ባልደረባው ፒተር ኒለርና የሥራ ጓደኞቹ አንድ ወጥ ንድፍ አወጡ፤ ላይ ትንሽ ሉል፣ ከሥሯ በ15 ሜትር ጥልቀት ላይ ጎኑ የተበሳሳ ረጅም የጨርቅ ከረጢት። ከረጢቱ ውሃውን ስለሚይዝ ሉሏ ከነፋሱ ይልቅ ለጅረቱ ትታዘዛለች። እንዲህ ያሉ ተንሳፋፊዎችን በአምስት ዲግሪ በአምስት ዲግሪ አንድ ለማድረስ የተያዘው ዕቅድ በሴፕቴምበር 2005፣ 1,250ኛው ካናዳ ሃሊፋክስ አጠገብ ሲጣል ተሳካ። ነቀፌታ አልጠፋም። ከረጢታቸው ተበጥሶ የቀሩ ተንሳፋፊዎች እንዳልተበጠሰባቸው ተቆጥረው ስለቆዩ የጅረት ፍጥነት በዓመታት ውስጥ የጨመረ መስሎ ታይቶ ነበር፤ መዝገቡ እንደገና ተፈትሾ መታረም ነበረበት። የተጠራቀመው መዝገብ ያልታሰበ ጥቅምም ሰጥቷል። በ2014 የጠፋው የማሌዥያ አውሮፕላን ክንፍ ስብርባሪ በጁላይ 2015 በሬዩኒዮን ደሴት ሲገኝ፣ ከየት ተነሥቶ ሊመጣ እንደሚችል የተሰላው እነዚህ ተንሳፋፊዎች ለዓመታት በተጓዙባቸው መንገዶች ጭምር ነው።

ለኢትዮጵያ እጅግ ቅርብ የሆነው ክፍል የተፈጸመው ግን በሩቁ ፓስፊክ ነው። በ1982 በፓስፊክ የምድር ወገብ አካባቢ የዘመኑ ብርቱ ኤልኒኞ (የአካባቢው ውሃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) ሲነሣ ሳይንቲስቶች ሳያዩት ሊያልፍ ደረሰ። በዚያው ዓመት በሜክሲኮ የፈነዳው የኤል ቺቾን እሳተ ገሞራ አየሩን በብናኝ ሞልቶት ስለነበር የገጽ ሙቀትን ከላይ የሚለኩት ሳተላይቶች ተሳሳቱ፤ ውሃው ውስጥ ሆኖ እውነቱን የሚናገር መሣሪያ ደግሞ አልነበረም። ከ1985 እስከ 1994 በዘለቀው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር፣ ሲያትል በሚገኘው የኖአ ላቦራቶሪ መሪነት፣ 70 ገደማ ተንሳፋፊዎች ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ በመልሕቅ ታስረው ቆሙ። እያንዳንዱ ነፋሱን፣ የአየሩን ሙቀትና እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ያለውን የውሃ ሙቀት እየለካ በአርጎስ በኩል ይልክ ነበር። ሥራው በዲሴምበር 1994 ተጠናቀቀ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የመጣው የ1997 ኤልኒኞ ከገጹ በታች ያለው ሞቃት ውሃ ወደ ምሥራቅ ሲገፋ በየቀኑ እየታየ አደገ። በኤልኒኞ ዓመታት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት መሳሳቱ የተለመደ ነው፤ የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎችም የክረምት ትንበያ ሲያዘጋጁ የፓስፊክን ሙቀት ያያሉ። በ2015 ኤልኒኞ ክረምቱ ተጓድሎ፣ በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው ይፋ ተደርጓል። የባሕር በር የሌላት አገር ገበሬ የሚጠብቀው ዝናብ ለዓመታት በከፊል ሲገመት የቆየው ሰው ከማይኖርበት ውቅያኖስ ላይ በሚላኩ የ32 ባይት መልእክቶች ነው።

በገጹ ላይ የተሠራውን ወደ ጥልቁ ያወረዱት የስክሪፕሱ ረስ ዴቪስና መሐንዲሱ ዳግ ዌብ ናቸው። በ1990 አካባቢ የሠሩት መሣሪያ ዘይት ከሆዱ ወደ ውጭ ከረጢት እየገፋ ይዘቱን ያሰፋና ይወጣል፤ ዘይቱን መልሶ ሲስብ ይሰምጣል። ድምፅ ሰሚ መርከብም ማዳመጫም አያስፈልገውም፤ ገጹ ላይ ብቅ ሲል ለአርጎስ ይናገራል። ከዚህ የተወለደው አርጎ የተባለው መርሐ ግብር (ስሙ ቢመሳሰልም አርጎስ የሳተላይቱ ሥርዓት፣ አርጎ መሣሪያዎቹ ናቸው) በ2000 መሣሪያዎቹን መጣል ጀምሮ በኖቬምበር 2007 ሦስት ሺህ አደረሳቸው። እያንዳንዱ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ እየተንሳፈፈ ይቆይና በየዐሥር ቀኑ ወደ 2,000 ሜትር ወርዶ፣ ሙቀትን፣ ጨዋማነትንና ግፊትን እየለካ ይወጣል። በ2012 የእነዚህ ልኬቶች ቁጥር አንድ ሚሊዮን ሞላ፤ መረጃው ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ነው።

የአርጎስ ድክመት ጎልቶ የታየውም እዚህ ላይ ነው። ከ2,000 ሜትር ጥልቀት እስከ ገጹ የተለካው ሁሉ በ32 ባይት ቁርጥራጭ መከፋፈል ነበረበት፤ ሳተላይቱ «ደርሶኛል» ብሎ ስለማይመልስ እያንዳንዱ ቁራጭ ደጋግሞ ይላክ ነበር። በዚህ ምክንያት መሣሪያው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገጹ ላይ ይቆይ ነበር። በዚያን ጊዜ ነፋስ ይወስደው፣ የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታት ይለጠፉበት፣ ባትሪውም ያልቅ ነበር። በጥልቁ የሄደበትን መንገድ በገጹ ላይ ከተገፋበት መለየትም ያስቸግር ነበር። ኢሪዲየም የተባለው የስልክ ሳተላይት መረብ በ1998 ሥራ ጀምሮ በዓመቱ ቢከስርም በሌሎች እጅ ተርፎ ለዚህ ሥራ ተገኘ። 66 ሳተላይቶቹ ከመሣሪያው ጋር በሁለት አቅጣጫ ስለሚነጋገሩ መልእክቱ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ባለቤቱም ለመሣሪያው አዲስ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። አዳዲስ የአርጎ መሣሪያዎች ቀስ በቀስ ወደ ኢሪዲየም ዞሩ። ቦታቸውንም ጂፒኤስ ስለሚነግራቸው የዶፕለሩ ሒሳብ አያስፈልጋቸውም።

አርጎስ የማይተካበት ሥራ በእንስሳት ላይ ነው፤ ትንሽ ባትሪ፣ ትንሽ አንቴናና አጭር መልእክት እዚያ ዋጋ አላቸው። ከ2004 ጀምሮ በደቡብ ውቅያኖስ የዝሆን ሲሎች በሚባሉት ግዙፍ የባሕር አጥቢ እንስሳት ራስ ላይ፣ የስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው ሙቀትና ጨዋማነት የሚለኩ መሣሪያዎች ይለጠፋሉ። እንስሳቱ ዓሣ ፍለጋ ብዙ መቶ ሜትር ጠልቀው፣ መርከብም ተንሳፋፊም በማይገባበት የበረዶ ባሕር ውስጥ ሲመላለሱ የለኩት ሁሉ ለትንፋሽ ሲወጡ ይላካል። መሣሪያው ጠጉራቸውን ሲቀይሩ አብሮ ይረግፋል።

የሥርዓቱ ትልቁ ጠላት ማዕበል አይደለም። ተንሳፋፊ ባለበት ዓሣ ስለሚሰበሰብ የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች በመልሕቅ በታሰሩት ላይ ገመዳቸውን ያስራሉ፤ መሣሪያ ተሰብሮና ተነቅሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከ2008 እስከ 2012 ድረስ የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች ባስፋፉት ስጋት የምርምር መርከቦች ከምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ስለሸሹ፣ ለአፍሪካ ቀንድ ዝናብ ወሳኝ የሆነው ባሕር በካርታው ላይ ባዶ ቀረ። ክፍተቱን ለመሙላት የአሜሪካና የአውስትራሊያ ባሕር ኃይሎች ሳይቀሩ መሣሪያ መጣል ነበረባቸው። የፓስፊኩንም ሰንሰለት የጎዳው በጀት ነው። መሣሪያዎቹን እየዞረች የምትጠግነው የኖአ መርከብ በ2012 ከሥራ ስትወጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚደርሰው መረጃ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። ሳተላይቱ ጤነኛ ነበር፤ ከታች የሚናገር ጠፋ።

አርጎስ ራሱ ከመታደስ አልቦዘነም። በ2006 የመጠቀው የአውሮፓው ሜቶፕ ኤ ሳተላይት ለመሣሪያው መልስ የሚልክ ሦስተኛውን ትውልድ ይዞ ወጣ፤ በ2013 የሕንድና የፈረንሳይ ሳራል ተጨመረ። ከዚያ በላይ ያለው ለውጥ የጋራ ጭነት መሆኑን መተው ነው። በ2018 የተቋቋመው ኪኔይስ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ 25 ትንንሽ ሳተላይቶችን አስቦ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት በጁን 2024 ከኒውዚላንድ አመጠቀ፤ የመጨረሻዎቹ በማርች 2025 ተከተሉ። በሁለት ሳተላይት ዘመን ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ጥበቃ በአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲወሰን ታስቧል። በትላልቆቹ የአየር ትንበያ ሳተላይቶች ላይ የተጫኑት የቀድሞ መቀበያዎች ከአዲሶቹ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ለቀድሞው ሥርዓት የተሠሩ ማስተላለፊያዎችም ሳይቀየሩ በአዲሶቹ ሳተላይቶች ይደመጣሉ።